ከጅረቱ ማዶ የቀሩት ጉሬዛዎች

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 1978፣ ጠዋት 1፡40

አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። ከድር አሥራ ሁለት ናቸው አለ። ተከራከርን። እናትየው ዞር ስትል ግን እኔም አየሁት። ደረቷ ላይ የተለጠፈ፣ እንደ ባዘቶ የነጣ ነገር። ጉሬዛ ሲወለድ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ አስተምሬዋለሁ፤ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። ከድር ሳቀብኝ።

አዲስ ደብተር ነሽና ሰዎቹን ላስተዋውቅሽ። አሮጌዋ ታውቃቸው ነበር፤ ሞላችብኝ።

አራት ነን። ማንም አልቀጠረንም፤ በፈቃዳችን ነው የምንመጣው። አባ ፊጣ ገበሬ ናቸው፤ ቤታቸው ከጫካው ጠርዝ ላይ ነው። ስልሳ አምስት አልፏቸዋል። የንብ ቀፏቸው ዛፎቹ ላይ ነው፤ አባታቸውም ይህንኑ ጫካ ሲጠብቁ ኖረው ነው የሞቱት። ከድር በጅማ የጊንጆ ጉዱሩ ሠፈር አናጢ ነው፤ በርጩማ ይሠራል። እንጨት ፈላጭ ዛፍ ይጠብቃል ወይ ብለው ይቀልዱበታል። እንጨት የሚያውቅ ነው ለእንጨት የሚያዝን ይላቸዋል። ጋሽ ታደሰ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ወፎቹን ይመዘግባሉ። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ በጅማ ቦሳ አዲስ ሠፈር ተከራይ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ትቼ ጫካ መግባቴን እናቴ በየደብዳቤዋ ትወቅሰኛለች። ግን እሷው ናት ጉሬዛ መነኩሴ ነው፣ የሰው እህል አይነካም እያለች ያሳደገችኝ።

ጫካው ቱሉ ዌኒ ይባላል። በኦሮምኛ የጉሬዛ ኮረብታ ማለት ነው። ከጅማ በአጋሮ መንገድ አውቶቡስ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር። የድኩላ ወጥመድ እንነቅላለን፣ እንቆጥራለን፣ እንጽፋለን። በት/ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ስም ገበሬ ማኅበሩ የሰጠን አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት አለችን። ሌላ ምንም የለንም።

ዛሬ ሦስት ወጥመድ ነቀልን። አባ ፊጣ ስለ ሕፃኑ ስነግራቸው ገብተው አንድ ቁራጭ ማር በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ። ለአራስ መጠየቂያ መሆኑ ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 13

ከድር ት/ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ክፉ ነገር እንዳለ አወቅሁ። የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም፤ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ።

የመንደር ምሥረታው ተራ ደርሷል። በቱሉ ዌኒ ዙሪያ ተበታትነው የሚኖሩት ስድሳ አባወራዎች ሜዳው ላይ በአንድ መንደር ሊሰፍሩ ነው። አናጢዎች ሁሉ ታዘዋል፤ ከድርም። እዚህ ድረስ ሰምተን ነበር። ያልሰማነው ሌላ ነው። የቤቶቹ ምሰሶና ማገር ከቱሉ ዌኒ ይቆረጥ ተብሏል። ቅርብ ስለሆነ።

ኮረብታው ትንሽ ነው፤ አንቺም ገብቶሻል። ለስድሳ ቤት ከተቆረጠ ኮረብታው እንጂ ጫካው አይተርፍም።

ከድር ምን ልሁን አለኝ። እምቢ ካልኩ ፀረ አብዮት ነህ እባላለሁ፤ እሺ ካልኩ በገዛ እጄ ነው የምጥለው አለ። ደወል ተደወለና ገባሁ። ስለ ፎቶሲንተሲስ አስተማርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከከድር ወርክሾፕ መመለሴ ነው። አራታችን ተገናኘን። አባ ፊጣ በእግራቸው ነው የመጡት።

አባ ፊጣ የሚሉት፣ በገ/ማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንናገር ነው። ሊቀ መንበሩ ራሱ ይገኛል፤ የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ጓድ ፍስሐ የሚሉት ካድሬ።

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩና ስሜን ከክበቡ ወረቀት ላይ ሰርዙልኝ አሉ። አምስት ልጅ አለኝ አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። ከድር ወረቀቱን አውጥቶ ሰረዘላቸው፤ በቀስታ፣ የሚያማቸው ይመስል። የወፎቹን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

አልፈርድባቸውም። ትንሽ ቀናሁባቸውም። እውነቱን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ትናንት ጀመሩ። ስብሰባውን ሳይጠብቁ።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ ሄድኩ። መጥረቢያው ከመንገዱ ድረስ ይሰማል። የጀመሩት ከጅረቱ ጥግ ነው፤ ሁለቱን ዳርቻ የሚያገናኙትን ረጃጅም ዛፎች። አሥራ አራት ወድቀዋል። ሰማዩ በማላውቀው ቦታ ተከፍቷል፤ ዓይኔን አቃጠለኝ።

ቆራጮቹ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰላም ይሉኛል። አንዱ ፍልጡን ያደራጃል፣ አንዱ ላቡን ይጠርጋል። ማንን ልጣላ?

ጉሬዛ አላየሁም። አንድም።

አባ ፊጣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከወደቁት ዛፎች በአንዱ ላይ ቀፏቸው ነበር፤ ንቦቹ ሄደዋል። ስለ ቀፎው አላነሱልኝም። እሑድ ትመጫለሽ ወይ ብቻ ነው ያሉኝ። እመጣለሁ አልኩ። እናገራለሁ ግን አላልኩም።


እሑድ፣ የካቲት 23፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ስብሰባው የተደረገው በገ/ማኅበሩ አዳራሽ ነው። ሰው ሞልቶ በመስኮት ተንጠልጥሏል። ጓድ ፍስሐ ከጠበቅሁት ይልቅ ወጣት ናቸው፤ መነጽር ያደርጋሉ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል። አንድ ሰዓት ተናገሩ። ስለ መንደሩ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ት/ቤቱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው። የሚሠራ ከሆነ መልካም ነገር ነው። ካርታቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ቤቶቹ በተሰመረ መስመር።

ከዚያ ጥያቄ ካለ አሉ።

አባ ፊጣ ተነሱ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ የገ/ማኅበሩ ጸሐፊ አስተረጎመ። መንደሩን አልተቃወሙም። ቤታቸውን እንደሚያፈርሱ፣ እንደሚሄዱ ተናገሩ። ጫካው ግን ይቅር አሉ። ጓድ ፍስሐ በትዕግሥት ሰሙና ምሰሶ ከየት ይምጣ ብለው ጠየቁ። ከኔ አሉ አባ ፊጣ። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ ለእርጅናዬ ብለው አሥራ አምስት ዓመት ያሳደጉትን። ጎረቤታቸውም ተነሥቶ እኔም አለኝ አለ። ሌላም።

ጓድ ፍስሐ ማስታወሻ ያዙ። ነገር ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። ባሕር ዛፉ በየጓሮው የተበታተነ ነው፣ ማጓጓዣ ይፈጃል፣ ዕቅዱ ጸድቋል፣ ለዝንጀሮ ተብሎ የሰው ቤት አይዘገይም።

ለዝንጀሮ! ጉሬዛ ዝንጀሮ እንዳልሆነ እንኳን መናገር አልደፈርኩም።

ወንድሜን ነግሬሽ አላውቅም። ታላቄ ነው። በ70 ዓ.ም. በሠፈር ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሦስት ዓመት ታሰረ። እሱ ተፈታ፤ ድምፁ ግን እስካሁን አልተፈታም፤ ሰው ባለበት አይናገርም። ከዚያ ወዲህ እኔ በስብሰባ ላይ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ነው የምቀመጠው። ዛሬም እንደዚያው ተቀምጬ ነበር።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ያዘጋጀሁት ነበረኝ፤ በሁለት ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር። ሁሉም ጠፋኝ። አማርኛው ራሱ ጠፋኝ። ካርታውን አየሁ፤ ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር አለ፤ ጅረቱ። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

“ቢሻን” አልኩ።

ውኃ ማለት ነው። እኔ፣ ሁልጊዜ በአስተርጓሚ የማወራው፣ በኦሮምኛ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከኋላ አንዲት ሴት “ኤዬ፣ ቢሻን” አሉ። እውነት ነው፣ ውኃው። ከዚያ ሌላዋም። ሴቶቹ ናቸው የጀመሩት፤ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸውና።

ከዚያ አማርኛዬ ተመለሰልኝ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ለስድሳ ቤት ውኃው ከየት ነው የታሰበው ብዬ ጠየቅሁ። ከጅረቱ አሉ። ጅረቱ የሚመጣው ከቱሉ ዌኒ ሥር ካለው ምንጭ ነው አልኩ። ምንጩን የያዘው የዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ከሄደ በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ደረቅ ጉድጓድ ነው የምታገኙት። ይህንን ብዬ ተቀመጥኩ።

አባ ፊጣ ገና አልተቀመጡም ነበር። ቀስ ብለው፣ በራሳቸው አማርኛ፣ ለጓድ ፍስሐ እንዲህ አሏቸው፦

“ባሕር ዛፉን እኔ ተከልኩት። ቁረጡት፣ መልሼ እተክለዋለሁ። ይሄን ጫካ ግን እኔ አልተከልኩትም። አባቴም አልተከለው። ብትቆርጡት ማን ይመልሰዋል?”

ጓድ ፍስሐ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ነገ ምንጩን አያለሁ፣ እስከዚያ መጥረቢያ ይቁም አሉ።

ይቁም አሉ!

ስወጣ ከድር ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። አየሁ አላልኩትም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ትናንት አስተምር ስለነበር አልሄድኩም። ከድር ነገረኝ።

ጓድ ፍስሐ መጡ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጅረቱን ተከትለው ወጡ። አባ ፊጣ ምንጩን አሳዩአቸው፤ ከጥቁር እንጨቱ ዛፍ ሥር ድንጋይ ሰንጥቆ የሚወጣውን። ከዚያ ወዲያ ማዶ ወሰዱአቸው፤ ዛፉ ካለቀ ብዙ ዓመት ወደሆነው ኮረብታ። እዚያም ምንጭ ነበረ። አሁን የደረቀ ጭቃ ነው፤ የከብት ኮቴ ብቻ። ጓድ ፍስሐ በእጃቸው ጭቃውን ነክተው አዩ።

ማታ ትእዛዝ ተላለፈ። ምሰሶው ከባሕር ዛፍ። ቱሉ ዌኒ አይነካም። የወደቁት አሥራ አራቱ ለት/ቤቱ ግንባታ ይውሉ።

አንብቤ ልድገምልሽ። ቱሉ ዌኒ አይነካም።

ራት ሁለት ጊዜ በላሁ። የቤቱ ባለቤት ምን ተገኘ ብላ ጠየቀችኝ፤ ዝናብ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት። ሳቀች።


እሑድ፣ የካቲት 30

ባዶ።

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 5 ዞርን። ድኩላ አንድ። ጦጣ እንደ ልቡ። ክንፉ ሲዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለው ያ አረንጓዴ ወፍ፣ ሁለት። ጉሬዛ የለም። ማለዳ ከዋንዛው ላይ የሚያሰሙት ያ ወፍራም ድምፅ የለም።

ከወደቁት ዛፎች አካባቢ ቆምን። ከድር ይቺ ክፍተት ሃያ አምስት እርምጃ ናት አለ፤ በዓይኑ ለክቶ። እኔ እንጃ። ጫካውን አትርፈን ባለቤቶቹን አጥተን ከሆነስ?

ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ ቅበላ ነበር፤ ምግብ ግን አስጠላኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ምንም። አባ ፊጣ በየቀኑ እየዞሩ ነው። ቤታቸውን ማፍረስ ጀምረዋል፤ ጠዋት ጣሪያ ያወርዳሉ፣ ከሰዓት ጉሬዛ ይፈልጋሉ። ልርዳዎት ስላቸው፦ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ አስተምሪ አሉኝ።

አንድ ሰው ቆዳ ነጋዴ በዚህ አለፈ አለ። እንቅልፍ አጣሁ። ጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ ሆኖ በየሳሎኑ ሲነጠፍ አይቻለሁ። ያን ነጭ ሕፃን አስባለሁ። አላስብም። አስባለሁ።


እሑድ፣ መጋቢት 7፣ ጠዋት 4 ሰዓት

አሉ! አሉ!

ሳልረጋጋ እየጻፍኩ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ከጅረቱ ማዶ ናቸው። ወ/ሮ ዘሃራ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ቡና አለ፤ ከቡናው በላይ ለጥላ የቆሙ ሰሳ ዛፎች። እዚያ ላይ ናቸው። መጥረቢያው የጀመረ ዕለት ማዶ ተሻግረው ቅጠል ሲበሉ ነበር መሰለኝ፤ የሚመለሱበት ዛፍ ከኋላቸው ወደቀ። በመሬት እንዳይመጡ የወ/ሮ ዘሃራ ሦስት ውሾች ከታች አሉ። በዛፍ እንዳይመጡ ዛፉ የለም። አሥራ ዘጠኝ ቀን እነዚያ ጥቂት ሰሳዎች ላይ። ድምፅ ሳያሰሙ ቅጠሉ ውስጥ ተደብቀው ነበር፤ አሁን አብዛኛውን በልተውታል፤ ቅርንጫፉ ተራቁቷል። ከስተዋል።

ያገኛቸው ማን እንደሆነ ገምቺ። ጋሽ ታደሰ! ወፍ ለማየት ብቻዬን እየመጣሁ ነበር አሉ፤ አፍረው። በማዶ በኩል፣ ማንም እንዳያያቸው። ማለዳ ድምፃቸውን ሰምተው ሮጠው መጥተው ነገሩን። ስልሳ ሊሆናቸው ነው፤ ሮጠው!

ቆጠርን። አሥራ አንድ። ሕፃኑ አለ። የጎደለችው አንዲት ትልቅ ሴት ናት፤ ጆሮዋ የተቀደደው። ምን እንደደረሰባት አናውቅም።


እሑድ፣ መጋቢት 7፣ ከሰዓት

የቀረውን ልንገርሽ።

ወ/ሮ ዘሃራ በዱላ ነው የተቀበሉን። ጦጣና ዝንጀሮ ቡናዬን በልተው አልጠገቡ፣ አሁን ደግሞ እነዚህ መጡብኝ አሉ። ከድር ሰላምታውን ሳያቋርጥ፣ አላህ ይጠብቅዎ እያለ፣ ቀስ አድርጎ ስለ ጉሬዛ ነገራቸው። ቅጠል በል እንደሆነ፣ የቡናውን ፍሬ እንደማይነካ። ወ/ሮ ዘሃራ አላመኑም፤ ቡናቸውን ተራ በተራ ፈተሹ። አንድም የተነካ የለም። ፍሬው ከተለቀመ ቆይቷል፤ አበባው ገና ሊፈነዳ ነው፤ አንዱም ቅርንጫፍ አልተሰበረም።

ለጊዜው ውሾቹን ያስሩልን አልናቸው። ትንሽ አሰቡና አሰሩ።

ጉሬዛዎቹ ግን ፈርተዋል፤ አይወርዱም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ትልቁ ወንድ እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ይመጣል፣ ክፍተቱን ያያል፣ ይመለሳል።

ከድር ክፍተቱን በዓይኑ ደጋግሞ ለካ። ከዚያ መሰላል አለ። የተጋደመ መሰላል፣ በአየር ላይ። ገመዱ ሁለት፣ በመሀል የቀርከሃ እርከን። በኛ ወገን ካለው የዶቅማ ዛፍ እስከ ወ/ሮ ዘሃራ ሰሳ።

እብደት ነው ብዬ አሰብኩ። አልተናገርኩም። በርጩማ ሲሠራ አይቼው ስለማውቅ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

መሰላሉ ተሰቀለ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ እንዳልረሳ።

ገመዱን ጋሽ ታደሰ አመጡ፤ ከሐሙስ ገበያ፣ በትከሻቸው ተሸክመው። ከየት ነው፣ ለምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ ለፍየል ሊሉ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ቀርከሃውን ከድር ለመንደሩ ሥራ ከሚሄድበት ሰዓት ቀድሞ፣ ማለዳ ማለዳ አዘጋጀ። እርከኑን በልጥ አሰርን፤ የኔ እስር ሁለት ጊዜ ተፈታብኝና ከድር እየሳቀ ደገመው። ጣቶቼ ተላልጠዋል።

የከበደው ገመዱን ማሻገር ነበር። አባ ፊጣ ቀጭን ሲባጎ ከድንጋይ ጋር አስረው በወንጭፍ ወረወሩ። አንድ፣ ውኃ ውስጥ። ሁለት፣ ቡናው ላይ። ሦስት፣ ሰሳው ቅርንጫፍ ላይ ተጠመጠመ። ወ/ሮ ዘሃራ ከማዶ እልል አሉ።

ከድር የሰሳውን ወገን ወጣ። የዶቅማውን ማን ይውጣ? ጋሽ ታደሰ አይችሉም፤ እኔም። አባ ፊጣ ጫማቸውን አወለቁ። አይሆንም አልናቸው። ለቀፎ የወጡት የመጨረሻ ጊዜ አራት ዓመቱ ነው። እግራቸው ላይ የጠፍር ቀለበት አጠለቁ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ወጡ።

እስኪወርዱ የተነፈስኩ አይመስለኝም። ቁመቱ ሦስት ቤት ይሆናል። መሀል ላይ ቆሙ፤ እግራቸው ተንሸራተተ፤ ቅርፊት ፊቴ ላይ ረገፈ። ጋሽ ታደሰ እጄን ጨብጠው ያዙኝ። ከዚያ ድምፃቸው ከላይ መጣ፤ ከዚህ መንደሩ ይታያል፣ ሰልፍ የቆመ ይመስላል አሉ። አስረው፣ ጎትተው፣ ሞክረው፣ ወረዱ። መሬት ሲረግጡ ቁጭ አሉ፤ ይስቃሉ። ላብና ሳቅ አንድ ላይ።

እኔ ነኝ ያለቀስኩት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ከትምህርት በኋላ ሄድኩ። መሰላሉ በነፋስ ይወዛወዛል። ጉሬዛዎቹ ያዩታል፤ አልፈውት ይሄዳሉ። አይነኩትም።

ወ/ሮ ዘሃራ ጠዋትና ማታ እያዩ ይነግሩናል። ዘጠኝ ቀን ውሾቻቸው ታስረዋል፤ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እንግዳ እያለ ውሻ አይፈታም አሉኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 18

አንዱ ጎረምሳ እርከኑን በእጁ ነካ። ሦስት እርምጃ ገባ። መሰላሉ ሲወዛወዝ ዘሎ ተመለሰ። ከድር ገመዱን ወጥሮ አጠበቀው።

ሌላ የለም። እጠብቃለሁ። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ጣለ።


እሑድ፣ መጋቢት 21፣ ጠዋት 2፡15

ተሻገሩ።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ከዝናቡ ወዲህ ቡናው ሁሉ አንድ ጊዜ ፈንድቷል፤ ኮረብታው ነጭ ነው፤ ሽታው ያሰክራል። አራታችንም በዚህኛው ዳርቻ ተደብቀናል። ወ/ሮ ዘሃራ በማዶ።

መጀመሪያ ያ ጎረምሳ መጣ። መሀል ላይ ቆመ። ከኋላው ትልቁ ወንድ ገባ። ጎረምሳው መመለሻ አጣ፤ ወደፊት ሮጠ። ዶቅማው ላይ ደረሰ። ቅጠል ቀጥፎ መብላት ጀመረ፤ ምንም እንዳልሆነ። ከድር አፉን በእጁ ያዘ።

ከዚያ አንድ በአንድ። ነጭ ጭራቸው ከመሰላሉ ሥር እንደ ነጠላ ጥለት ይወርዳል። አምስት። ስድስት። ስምንት። የመጨረሻዋ እናትየው ናት። እርከኑ ላይ ተቀመጠች፤ ሕፃኑ ሆዷ ላይ። ታች ውኃ። አየች። እኛንም ያየችን መሰለኝ። ከዚያ ስትሻገር መሰላሉ አልተወዛወዘም፤ ወይም እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛዋን ጠበቅን፤ አልመጣችም። ጋሽ ታደሰ በመዝገባቸው ላይ ባዶ መስመር ተዉላት።

ከማዶ ወ/ሮ ዘሃራ አልሐምዱሊላህ ሲሉ ሰማን። ቆይተው ደግሞ፦ “ዛፎቼ ጭር አሉ እኮ። ማንን ነው አሁን ጠዋት የማየው?” አሉ።

ፀሐይ ወጣች። ጉሬዛዎቹ ዋንዛው አናት ላይ ተደርድረው ይሞቃሉ። እኛ ከሥር ሣር ላይ ተዘርግተን። አንድ ወር ሙሉ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር እዚያው ሣር ላይ ወረደ። ጋሽ ታደሰ አንኮራፉ።


እሑድ፣ መጋቢት 28፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የአባ ፊጣ ቤት ተዛውሯል። ከድር ነው በሩን የገጠመላቸው። አዲሱ ቤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የሚሸት፣ ከራሳቸው ዛፍ የተሠራ። ከጫካው አርባ ደቂቃ ይርቃል። እየሳቁ እግሬ ስለሚፈልገው ጥሩ ነው አሉ። ግን አሮጌው ቦታ ላይ ስናልፍ ወደዚያ አላዩም።

እና ይህ ነው ጉዳዩ። አሁን በጫካው ጠርዝ የሚኖር ማንም የለም። ጓድ ፍስሐ ዛሬ መጥተው ነበር፤ ጉንፋናቸው አልለቀቃቸውም። መሰላሉን ለረጅም ጊዜ አንጋጠው አዩ። ማን ነው የሠራው አሉ፤ ከድር እኔ ነኝ አለ፤ እጁን ጨበጡት። ከዚያ ጫካው በደብዳቤ ለጠባቂዎች እንዲሰጥ አደርጋለሁ አሉ። ኃላፊነት የሚወስዱ ሰዎች ስም ይፈልጋሉ። ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ ሥራ። በሚቀጥለው ማክሰኞ።

ሄዱ። አራታችን ዋንዛው ሥር ቆየን። የስም ዝርዝር። ማንም ባይናገረውም ሁላችንም የምናስበው አንድ ነበር። በዚህ አገር የስም ዝርዝር ምን እንዳደረገ የማያውቅ የለም። ጓድ ፍስሐ ዛሬ ደግ ናቸው፤ ነገ ይዛወራሉ፤ ወረቀቱ ግን ይቀራል። ከድር ሣር ይነጫል። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። አባ ፊጣ እንደ ልማዳቸው ለማንም አልፈረዱም፤ የፈለገ ይጻፍ፣ ያልፈለገም እሑድ ይምጣ አሉ።

ወረቀቱን እኔ ልያዘው አልኳቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡሱ ላይ ሦስት ጊዜ አወጣሁት።

አሁን ከፊቴ ነው። ባዶ፣ በገጹ አናት ላይ “የቱሉ ዌኒ ጠባቂዎች” ብሎ ጓድ ፍስሐ በእጃቸው የጻፉበት። እጄ ጭኔ ሥር አይደለም። አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ወንድሜን አሰብኩት። ይህን ብነግረው ምን ይለኝ ይሆን? ምንም አይልም፤ እሱ አይናገርም። ግን ዛሬ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። መሰላሉን ሥዬ እልክለታለሁ።

እርሳስ አይሆንም፤ ይጠፋል። እስክሪብቶ። ለሦስቱ አላስረዳም፣ አልለምናቸውም። ማክሰኞ ወረቀቱን ሲያዩት የመጀመሪያው መስመር ባዶ እንዳይሆን ብቻ። ከሱ ሥር የፈለገ ይፈርም፤ ያልፈለገ አይፈርም። የመጀመሪያው መስመር ግን

1ኛ. ጽጌ ወልዴ፣ ቦሳ አዲስ፣ አስተማሪ